የድምፅ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ

የሁሉቃ ወንዝ በአምቦ ከተማ አልፎ ከጉደር ጋር ይገናኛል፤ ጉደርም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ዓባይ ደግሞ እስከ ግብፅ ይዘልቃል። ከብዙ ዘመን በፊት በዚያው በናይል ውሃ ላይ በጀልባ ይጓዝ የነበረ አንድ ሕመምተኛ እንግሊዛዊ ስለ ድምፅ ታላቅ መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ዊሊያም ስትረት በኖቬምበር 12 ቀን 1842 በኤሴክስ ግዛት ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጤና ስላልነበረው ትምህርቱ ደጋግሞ ይቋረጥ ነበር። ቢሆንም በ1861 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1865ም በሒሳብ ፈተና ከጓደኞቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ። በ1872 ብርቱ የሩማቲዝም ትኩሳት ያዘውና ሕይወቱ ለአደጋ ተጋለጠ። ስለዚህ የብርዱን ወራት በሞቃቱ አገር ለማሳለፍ ወደ ግብፅ ሄደ። በጀልባው ላይ የጀመረው መጽሐፍ በ1877 እና በ1878 በሁለት ክፍል ታተመ።

በ1873 አባቱ ሲሞት ሎርድ ሬይሊ ተብሎ ሰፊ ርስት ወረሰ። በድሎት መኖር ሲችል በ1876 የርስቱን አስተዳደር ለወንድሙ ትቶ በቴርሊንግ ቤቱ ውስጥ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ምርምሩን ቀጠለ። በ1879 ቅርጹ የተናጋ የፈሳሽ ጠብታ እንዴት እንደሚርገበገብ በሒሳብ አሳየ። በ1902 ደግሞ ድምፅን የመሰለ ርግብግቢት በሚያርፍበት ነገር ላይ ግፊት እንዳለው አስረዳ።

የዚህ ጥቅም በኋላ ዘመን ጎልቶ ታየ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም። በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ቢላክ፥ ሂያጁና ተመላሹ ሞገድ ተገናኝተው በየ4 ሚሊ ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት የማይለዋወጥባቸው ቦታዎች ይፈጠራሉ። ከዚያ ያነሰ ጠብታ በአንዱ ቦታ ቢቀመጥ፥ የድምፁ ግፊት ክብደቱን ተሸክሞ ያለ አንዳች ገመድ በአየር ላይ ያንሳፍፈዋል። በ2013 የዙሪክ ተመራማሪዎች ጠብታዎችን በድምፅ ብቻ ከቦታ ወደ ቦታ አዛውረው እርስ በርስ አዋሐዱ። ጠብታው ዕቃ ስለማይነካ ከዕቃው በሚመጣ ቆሻሻ አይበከልም፤ ይህም ለመድኃኒት ምርምር ይረዳል። ሬይሊ ራሱ ይህን መሣሪያ አልሠራም፤ ነገር ግን የተንሳፈፈው ጠብታ ሲርገበገብ የገጹ ውጥረት የሚለካው በ1879 በተገኘው በእርሱ ስሌት ነው።

ሬይሊ የጋዞችን ክብደት ሲመዝን ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ከሌላ ውሁድ ከተገኘው በ200 እጅ አንድ ያህል ከበደበት። ልዩነቱን ትንሽ ነው ብሎ አልናቀውም፤ ምክንያቱን ሲመረምር በ1894 ከራምዜ ጋር አርጎን የተባለውን ጋዝ አገኘ። በ1904 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ገንዘቡንም ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለገሠ። በጁን 30 ቀን 1919 በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

በሕመም ወይም በችግር ምክንያት ከክፍል የቀረ ተማሪ ሁሉ ይህን ሰው ያስታውስ። የተቋረጠ ትምህርት የተቀጠለ እንደ ሆነ እስከዚህ ያደርሳልና።