ኤርንስት አቤ፦ ስሙ በሌንሱ ቀለበት ላይ የሌለው ሰው

የፎቶግራፍ ክበባችን አባላት የመርጃ መሣሪያ ማከማቻውን ስናጸዳ፣ ከተሰባበሩ የስላይድ ማሳያዎች ሥር አንድ አሮጌ የካሜራ ሌንስ አገኘን። ካሜራው የለም፤ ሌንሱ ብቻውን ነው። በመስታወቱ ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ ፎከስ የሚደረግበት ቀለበትም ግሪሱ ደርቆ ወይ ፍንክች ብሏል። ከፊት ባለው ቀለበት ዙሪያ ግን ቴሳር፣ 50 ሚሊ ሜትር፣ ካርል ዛይስ ዬና የሚል ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ዛይስ የፋብሪካው መሥራች ስም ነው፤ ዬና ደግሞ ፋብሪካው የተቋቋመባት የጀርመን ከተማ ናት።

ሌንሱን ለማደስ ስንነሳ ከየት እንደመጣና ማን እንደሠራው ማንበብ ጀመርን። ስናነብም አንድ ነገር ገረመን። ይህ ሌንስ እንዲህ ሆኖ እንዲሠራ ከሁሉ በላይ የደከመው ሰው ስሙ በቀለበቱ ላይ የለም። ያ ሰው ኤርንስት አቤ ይባላል። እኛ አበበን አቤ እያልን እንደምንጠራው ቢመስልም፣ እሱ የጀርመን የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ፣ ከዚያም በላይ መምህር ነበር። የዛሬው ጽሑፋችን የእሱን ሕይወት ይመለከታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሞ የሚበላ አባት

አቤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1840 አይዘናህ በምትባል ከተማ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኋላም ካቦ ነበር። ሥራው በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈጃል፤ የምሳ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። ትንሹ ኤርንስት ምሳ በዕቃ ይዞ ሲሄድ፣ አባትየው ከማሽኑ ዓይኑን ሳይነቅል እዚያው ቆሞ ጎረስ ጎረስ ያደርግና ባዶውን ዕቃ ለልጁ መልሶ ወደ ሥራው ይዞራል። ረዥምና ጠንካራ ሰው ነበር። ሆኖም ገና 50 ዓመት ሳይሞላው ሰውነቱ ጎብጦ ሽማግሌ መሰለ። ይህን ያየ ልጅ እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። ለምን እንደማይረሳውም ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ የፋብሪካው ባለቤት በገንዘብ ረዳው። በ1857 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰና በዬና፣ ቀጥሎም በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ፊዚክስ ተማረ። በ1861፣ በ21 ዓመቱ ማለት ነው፣ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ። እኛ በዚህ ዕድሜ ገና የማስተማር ልምምድ ላይ ነን! በ1863 ወደ ዬና ተመልሶ በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመረ። የጀማሪ መምህር ኑሮ ያኔም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ መደበኛ ደመወዝ ስላልነበረው ከተማሪዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ነበር የሚኖረው።

በግምት ወይስ በስሌት?

በዚያው ከተማ ካርል ዛይስ የተባለ የእጅ ባለሙያ ነበር። ዛይስ በ1846 ትንሽ የመሣሪያ መሥሪያ ቤት ከፍቶ ማይክሮስኮፕ ይሠራል። በዚያን ጊዜ ሌንስ የሚሠራው እንዴት ነበር ብንል፣ በግምት ነው። ሠራተኞቹ ብዙ መስታወት ይሞርዳሉ፤ ከዚያ አንዱን ካንዱ እያገናኙ ያዩና የተሻለ ምስል የሰጠውን ያስቀራሉ። ጥሩ ማይክሮስኮፕ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነበር። ዛይስ ግን ድልድይ በስሌት እንደሚሠራ ሁሉ ሌንስም አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተሰልቶ መሠራት አለበት ብሎ ያምን ነበር። የሒሳብ ዕውቀት ስለሌለው በ1866 ወጣቱን መምህር አቤን ለዚህ ሥራ ጠራው።

አቤ ሥራውን ጀመረ። ጨረሩ እንዳይዛነፍ ከተፈለገ የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ማጥበብ ይሻላል ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ትክክል ይመስል ነበር። በስሌቱ መሠረት የተሠሩት ሌንሶች ሲሞከሩ ግን ምስላቸው በግምት ከተሠሩት የባሰ ሆኖ ተገኘ። ስንት ድካም፣ ስንት ወጪ በከንቱ ቀረ!

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወይ ስሌቱን አሽቀንጥሮ ይጥላል፣ ወይ በሞራጁ እጅ ያሳብባል። አቤ ግን ስህተቱን በራሱ ሐሳብ ውስጥ ፈለገው፤ አገኘውም። ብርሃን በጣም ደቃቅ የሆነ ነገር ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይበተናል። የነገሩን ደቃቅ ዝርዝር ይዞ የሚመጣው ይኸው የተበተነው ብርሃን ነው። መግቢያው የጠበበ ሌንስ ይህን ብርሃን አይቀበለውም፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ይጠፋል። ለካ መግቢያው ሰፋ ማለት ነበረበት!

ከ1872 ጀምሮ የዛይስ ማይክሮስኮፖች በሙሉ በአቤ ስሌት ተሠሩ። በ1873 ደግሞ አቤ የማይክሮስኮፕን የመለየት አቅም ወሰን አሳተመ። በአጭሩ፣ ሌንስ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ግማሽ ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ ማሳየት አይችልም። ይህም ወደ አንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺኛ ይጠጋል። ሳይንቲስቶች ይህን ወሰን በልዩ ዘዴ ለማለፍ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ ለዚህም ሥራ በ2014 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል። በባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሠራን ሁሉ፣ ከስላይድ ማስቀመጫው በታች ብርሃን የሚሰበስበው ክፍል በእሱ ስም የአቤ ኮንደንሰር እንደሚባል ልብ እንበል።

የመስታወቱ ጉዳይ

ስሌቱ ቢሟላም መስታወቱ አልተመቸም። ነጭ ብርሃን በሌንስ ውስጥ ሲያልፍ ቀለሞቹ እኩል አይታጠፉም፤ ስለዚህ የምስሉ ጠርዝ ቀለም ያወጣል። ይህን ለማስተካከል ጠባያቸው የተለያየ መስታወቶችን ማጣመር ያስፈልጋል። በገበያ ላይ የነበሩት ዓይነቶች ግን ጥቂት ናቸው፤ ብርሃንን አብዝቶ የሚያጥፍ መስታወት ቀለምንም አብዝቶ ይበትናል።

በ1879 ኦቶ ሾት የተባለ ወጣት ኬሚስት ራሱ ያቀለጠውን አዲስ መስታወት እንዲለካለት ለአቤ ላከለት። ከዚህ የተጀመረው ጓደኝነት በ1884 ዬና ውስጥ የመስታወት ማቅለጫ ላቦራቶሪ አስገኘ። ሾት ያቀልጣል፣ አቤ ይለካል፤ ያልሆነው ይጣልና እንደገና ይቀልጣል። በባሪየምና በቦሮን የተሠሩ አዳዲስ መስታወቶች ከዚያ ወጡ። በ1886 ቀለም የማያወጣ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ተሠራ። እስከ ዛሬም አንድ መስታወት ቀለምን ምን ያህል እንደሚበትን የሚገልጸው ቁጥር የአቤ ቁጥር ይባላል።

የካሜራ ሌንስም የመጣው ከዚሁ መስታወት ነው። አቤ ፓውል ሩዶልፍ የተባለ ወጣት የሒሳብ ሰው ቀጠረ። ሩዶልፍ በአዲሱ መስታወት ተጠቅሞ በ1890 የመጀመሪያውን የዛይስ የፎቶግራፍ ሌንስ ሠራ። በ1902 ደግሞ ቴሳር ወጣ፤ አራት መስታወቶች ብቻ ያሉት፣ ሁለቱ ኋለኞቹ በሙጫ የተጣበቁ፣ ቀላልና ጥርት ያለ ሌንስ። በሳጥን ውስጥ ያገኘነው የዚሁ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ሀብታም ሆኖ ምን አደረገ?

አቤ በ1876 የዛይስ ሸሪክ ሆኖ ነበር። ሥራው ሲስፋፋ ምሳ ተሸካሚው ልጅ ሀብታም ሆነ። ካርል ዛይስ በ1888 ሲሞት ደግሞ ፋብሪካውን በዋናነት የሚመራው እሱ ሆነ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሰውየው ማንነት የሚፈተነው።

አቤ በ1889 አንድ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1891 የፋብሪካው ባለቤትነት ወደዚህ ድርጅት ተዛወረ። የራሱን ድርሻ አስረክቦ እንደማንኛውም ኃላፊ ደመወዝተኛ ሆነ። ድርጅቱን በራሱ ስም አልሰየመውም፤ የካርል ዛይስ ድርጅት ብሎ በሟቹ ወዳጁ ስም ጠራው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሀብቱ የመጣው ከአንድ ሰው ጭንቅላት ሳይሆን ከሞራጁ፣ ከአቅላጩ፣ ካስተማረው ዩኒቨርሲቲም ጭምር ስለሆነ የአንድ ሰው ሊሆን አይገባም ብሎ ያምን ነበር።

በ1896 ያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ለዚያ ዘመን እንግዳ ነበር። ሠራተኛው ጡረታና የሚከፈልበት ዕረፍት ያገኛል፤ ከትርፉም ይካፈላል። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት አድልዎ አይደረግበትም። የትኛውም ኃላፊ ደመወዙ ከሠራተኞቹ አማካይ ደመወዝ ከአሥር እጥፍ መብለጥ የለበትም። ከፋብሪካው ትርፍ ለዬና ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል።

ከዚያ በ1900 የሥራው ቀን ከ9 ወደ 8 ሰዓት ዝቅ አለ፤ ደመወዙ ግን አልተነካም። ፋብሪካው ይከስራል ያሉ ነበሩ። አቤ መምህር ነውና ክርክሩን በወሬ አልተወውም፤ የ233 ሠራተኞችን ምርት ከለውጡ በፊትና በኋላ መዝግቦ አነጻጸረ። ምርቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጥቂት ጨመረ። ያልደከመ እጅ በ8 ሰዓት ውስጥ የደከመው በ9 ሰዓት የሠራውን ሠርቶ ተገኘ። በማሽን አጠገብ ቆሞ የሚበላው አባት በልጁ አእምሮ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ ነበር ማለት ነው።

አቤ ግን ራሱን አላሳረፈም። ጤናው ስለታወከ በ1903 ከአመራር ወጣ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 1905 በ64 ዓመቱ ዬና ውስጥ አረፈ። ፋብሪካው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ስትከፈል አብሮ ተከፈለ፤ ከ1990 በኋላ እንደገና ተዋሐደ። ድርጅቱ ዛሬም የዛይስና የሾት ኩባንያዎች ባለቤት ነው።

ሌንሱ እንዴት ሆነ?

ወደ ሳጥኑ ሌንስ እንመለስ። ሻጋታውን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና በጥቂት አሞኒያ፣ በንጹሕ ጥጥ ቀስ ብለን ጠረግነው። ጥቂት ቦታ ላይ መስታወቱን በልቶታል፤ የተበላው አይመለስም። የፎከሱን ቱቦ ፈትተን የደረቀውን ግሪስ አወጣንና አዲስ ቀባን። ስንገጥመው ግን ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ደበዘዘ። መጀመሪያ መስታወቱን አማን፤ አርጅቷል አልን። በኋላ ግን ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ቱቦ ጥርስ በብዙ ቦታ ሊጀምር ይችላል፤ ትክክለኛው መግቢያ አንድ ብቻ ነው። ስንፈታ ሁለቱ ቱቦዎች የተላቀቁበትን ቦታ ምልክት አላደረግንበትም ነበር። እየፈታን እየገጠምን፣ በስንት ሙከራ ቦታውን አገኘነው።

ከካሜራው ጋር ማገናኘቱም ስሌት ነው። የእኛ ሌንስ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ የሚጠመዘዝ ሲሆን፣ ከመቀመጫው እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀት ይፈልጋል። በተውሶ ባገኘነው ኬነን ዲጂታል ካሜራ ላይ ያለው ርቀት 44 ነው። ስለዚህ በመካከል የሚገባው ቀለበት ውፍረቱ 1.46 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከወፈረ ሩቁ አይጠራም። የካሜራው ርቀት ከሌንሱ ፍላጎት የበለጠ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተራ ቀለበት መላ አይሆንም ነበር።

ነገ ክፍል ስንገባና ያዘጋጀነው ትምህርት ሳይገባቸው ሲቀር፣ በተማሪዎቹ ከማሳበባችን በፊት የራሳችንን ዝግጅት እንመርምር። ሥራችን ሲሰምር ደግሞ አብሮን የደከመ ማን እንደነበረ አንርሳ። ከአቤ ሕይወት ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ጎን የተለጠፈው ፎቶግራፍ በዚያው ሌንስ የተነሳ ነው። ጠርዙ ትንሽ ደብዘዝ ቢልም መሐሉ ጥርት ብሏል። የሚታዩት የተቋማችን የእንጨት ሥራ ክፍል ሠራተኞች ናቸው፤ መጋዛቸውን አስቀምጠው፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ምሳቸውን እየበሉ ነው።