አሉሚኒየምን ከድንጋይ ያላቀቀው ቻርልስ ማርቲን ሆል

በየቤታችን የምናየው ብረት ድስት፣ ስሙ ብረት ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ከ150 ዓመት በፊት ግን አሉሚኒየም ለድስት ቀርቶ ለጌጥም የሚበቃ ውድ ነገር ነበር። ዋጋው እንዲረክስ ካደረጉት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ባጭሩ ልንጽፍ አሰብን።

ቻርልስ ማርቲን ሆል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ተወለደ። አባቱ የወንጌል ሰባኪ ነበሩ። በኦበርሊን ኮሌጅ ሲማር፣ መምህሩ ፕሮፌሰር ጁዌት አሉሚኒየምን በርካሽ የሚያወጣ ሰው ለዓለም ታላቅ ውለታ እንደሚውል ሲናገሩ ሰማ፤ ነገሩንም በልቡ አኖረው።

ችግሩ ምን ነበር? የብረት ድንጋይ ከከሰል ጋራ በእሳት ሲግል ከሰሉ ኦክሲጅኑን ይነጥቀዋል፤ ብረቱም ይለያል። አሉሚና የተባለው የአሉሚኒየምና የኦክሲጅን ውሕድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም። በክሪስታሉ ውስጥ አቶሞቹ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ እርስ በርሳቸውም አጥብቀው ተያይዘዋል። ስለዚህ ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በተራ ምድጃም ከሰል ኦክሲጅኑን ሊወስድበት አይችልም። ሩቢና ሰንፔር የተባሉት የከበሩ ድንጋዮች ጥቂት ባዕድ ነገር የገባባቸው የአሉሚና ክሪስታሎች መሆናቸውን ስናስብ ጥንካሬው ይገባናል።

ሆል ክሪስታሉን በእሳት ብቻ ከመታገል ይልቅ ማሟሟትን መረጠ። ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ሁሉ፣ አሉሚናም በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሟሟል። በዚህም ውስጥ የባትሪ ኤሌክትሪክ አሳለፈበት። መጀመሪያ ያሰበውን አላገኘም፤ የሸክላው ማቅለጫ ራሱ እየሟሟ ሥራውን ያበላሽበት ነበር። ተስፋ ሳይቈርጥ የማቅለጫውን ውስጥ በካርቦን ለበጠው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1886 ዓ.ም.፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ በቤታቸው የማገዶ ቤት ውስጥ ትንንሽ የአሉሚኒየም እንክብሎችን አገኘ። ኬሚስትሪ የተማረችው እኅቱ ጁልያም ትረዳው ነበር።

በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ይህንኑ ዘዴ ለብቻው አገኘ። የሚያስደንቀው፣ ሁለቱም በ1863 ተወልደው በ1914 ሞቱ፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ሆል በ1888 ከባልደረቦቹ ጋራ በፒትስበርግ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ባለጸጋም ሆነ። ሲሞትም ከሀብቱ ታላቅ ድርሻ ለተማረበት ኮሌጅ ተናዘዘ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። ጕልበት የማይፈታውን፣ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይፈታዋል። መምህር በክፍል ውስጥ የሚጥለው ዘርም፣ በሚሰማ ልብ ላይ ከወደቀ ለዓለም የሚተርፍ ፍሬ ያፈራል።