ክርስቲያን ዶፕለር

ክርስቲያን ዶፕለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 ዓ.ም. በሳልዝበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ልጁ ግን አካሉ ደካማ ስለ ነበረ የአባቱን ሞያ ሊወርስ አልቻለም፤ ስለዚህ ወደ ትምህርት ተላከ። በቪየና ሒሳብን አጥንቶ ሳለ ቋሚ ሥራ በማጣቱ ንብረቱን ሸጦ ወደ አሜሪካ ሊሰደድ ተነሣ። ጉዞውን ያስቀረው በ1835 ዓ.ም. ከፕራግ የመጣ የመምህርነት ጥሪ ነው።

በ1842 ዓ.ም. በፕራግ የሳይንስ ማኅበር ፊት አንድ አሳብ አቀረበ። የድምፅ ወይም የብርሃን ምንጭ ሲቀርብ ሞገዱ ይጠጋጋል፤ ሲርቅ ይራራቃል። ጥሩምባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ብሎ፣ ካለፈ በኋላ ጎርነን ብሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ዶፕለር በአሳቡ የከዋክብትን ቀለም ለማስረዳት ሞከረ፤ በዚህ ግን ተሳስቷል፤ ቀለማቸው በአብዛኛው ከሙቀታቸው የሚመጣ ነውና። ሕጉ ራሱ እውነት መሆኑን ግን በ1845 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት በባቡር ላይ መለከት ነፊዎችን አሳፍሮ አረጋገጠ።

ዶፕለር በ1850 ዓ.ም. በቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም ኃላፊ ሆነ። ስለ ዘር ውርስ ባደረገው ምርምር የታወቀው ሜንዴል በዚያ ተምሯል። ሆኖም የሳንባ በሽታ ስለ ጠናበት አየር ለመለወጥ ወደ ቬኒስ ሄዶ በ1853 ዓ.ም. በ49 ዓመቱ ሞተ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጃፓናዊው ሳቶሙራ ሕጉን ወደ ሰው ገላ አመጣው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ድምፁ ከቀይ የደም ሕዋሶች ጋር ተላትሞ ይመለሳል። በሄደውና በተመለሰው ድምፅ መካከል ካለው ልዩነት የደሙ ፍጥነት ይሰላል። ወንዝ በጠባብ ገደል ውስጥ እንደሚፈጥን ደምም በጠበበ የልብ ቫልቭ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ከልብ በሚወጣው ታላቅ ደም ቅዳ ቫልቭ ላይ በሴኮንድ 4 ሜትር ከደረሰ ጥበቱ ከባድ ነው።

ይህ ምርመራ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልጆችን የልብ ቫልቭ በሚያበላሽባቸው አገሮች እጅግ ያስፈልጋል። በካርቱም ደቡብ ዳር፣ ማዮ በሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር፣ ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣልያ ድርጅት በ2005 ዓ.ም. የሕፃናት ክሊኒክ ከፈተ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በሶባ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አቋቋመ። ከጎረቤት አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሄዱ ሕመምተኞች በዚያ ያለ ክፍያ ታክመዋል።