ጉስታፍ ኪርሖፍና የሁለት ባትሪዎች ጥያቄ

ጉስታፍ ሮበርት ኪርሖፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 12 ቀን 1824 ዓ.ም. በፕሩሲያ ግዛት በኮኒግስበርግ ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱ ዛሬ በሩስያ ውስጥ ስትሆን ካሊኒንግራድ ትባላለች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

ኦም የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የኮረንቲ መጠን በባትሪው ቮልትና በሽቦው የመቋቋም ኃይል እንደሚወሰን አስረድቶ ነበር። ነገር ግን ባትሪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሽቦዎቹም እርስ በርሳቸው ሲቆላለፉ፥ በእያንዳንዱ ሽቦ የሚያልፈውን ኮረንቲ ለማግኘት የኦም ሕግ ብቻውን አይበቃም። ኪርሖፍ የዚህን መፍትሔ በ1845 ሲያወጣ ዕድሜው 21 ዓመት ሲሆን፥ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ሥራውም በመምህሩ በፍራንዝ ኖይማን የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ እንደ መልመጃ የተሠራ ነው።

ሕጎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ ወደ ሽቦዎች መጋጠሚያ የሚገባው ኮረንቲ ሁሉ ከመጋጠሚያው ከሚወጣው ጋር እኩል ነው ይላል። ሁለተኛው፥ መሥመሩን ዞረን ወደ ተነሣንበት ስንመለስ፥ ባትሪዎቹ የሚሰጡት ቮልት በሽቦዎቹ ከሚያልቀው ቮልት ጋር ይተካከላል ይላል።

ለምሳሌ፥ አንድ የ12 ቮልትና አንድ የ6 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ጫፎቻቸው እያንዳንዳቸው በ2 ኦም ሽቦ በኩል ወደ አንድ መጋጠሚያ መጥተው፥ ከዚያ በጋራ በ4 ኦም ሽቦ በኩል ወደ ኔጋቲቭ ጫፎቻቸው ይመለሱ እንበል። ኮረንቲ ከሁለቱም ባትሪዎች ይወጣል ብለን ገምተን በሕጎቹ ስናሰላ፥ ከመጀመሪያው 2.4 አምፔር፥ በጋራው ሽቦ 1.8 አምፔር እናገኛለን። የሁለተኛው ባትሪ ግን 0.6 አምፔር ሆኖ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይወጣል። ይኸውም ኮረንቲው ከደካማው ባትሪ መውጣቱ ቀርቶ ወደ እርሱ ይገባል ማለት ነው። እንግዲህ የኮረንቲውን አቅጣጫ አሳስተን ብንገምት እንኳ፥ ሒሳቡ ራሱ ያርመናል።

ኪርሖፍ በ1854 ወደ ሃይደልበርግ ተዛውሮ ከኬሚስቱ ከቡንሰን ጋር ሠራ። ሁለቱ ሊቃውንት የጋሉ ንጥረ ነገሮች የሚሰጡትን ብርሃን በፕሪዝም እየበተኑ ሲመረምሩ፥ በ1860 ሲዚየምን፥ በ1861 ሩቢዲየምን አገኙ። ኪርሖፍም በዚሁ መንገድ ሶዲየም በፀሐይ ላይ መኖሩን አስረዳ።

ኑሮው ግን ያለ መከራ አልነበረም። በ1868 እግሩ ላይ በደረሰበት አደጋ ምክንያት ለብዙ ጊዜ በምርኩዝና በተሽከርካሪ ወንበር ለመሄድ ተገደደ፤ በ1869 ደግሞ ባለቤቱ ክላራ ሞተችበት። ይሁን እንጂ ማስተማሩንም ምርምሩንም አልተወም። በ1875 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በዚያችው ከተማ ጥቅምት 17 ቀን 1887 ዓ.ም. ዐረፈ።

ዛሬ መሐንዲሶች የኤሌክትሪክ መሥመሮችን በኮምፒዩተር ሲያሰሉ የሚመሩት በእነዚሁ ሁለት ሕጎች ነው። ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ መምህራችን የሚሰጡንን መልመጃ ለማርክ ብቻ የተሰጠ አድርገን አንናቀው። ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ይህ ሕግ የአንድ ተማሪ መልመጃ ነበረና።