ኤድዋርድ ሉካስ፦ ሳያካፍል ያረጋገጠው የቁጥር ሊቅ

በ1644 ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን አንድ ዝርዝር አወጣ። ሁለትን በራሱ ደጋግሞ አባዝቶ ከውጤቱ አንድ በመቀነስ ከሚገኙት ቁጥሮች መካከል የትኞቹ ብቸኛ እንደኾኑ፣ ማለትም ከአንድ እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ እንደሌላቸው የሚናገር ነበር። በዝርዝሩ 67 ሁለቶች እና 127 ሁለቶች ተባዝተው የሚያስገኟቸው ቁጥሮች ይገኙበታል። መርሰን ግን ማረጋገጫ አላስቀመጠም።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ማረጋገጫውን የፈለገው ኤድዋርድ ሉካስ በ1842 በአሚየን ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሠርቷል፤ ፈረንሳይ እና ፕሩሲያ በ1870 ሲዋጉ የመድፈኛ መኮንን ኾኖ ዘምቷል። ከዚያ በኋላ ኑሮው መምህርነት ነበር።

የ127ቱ ቁጥር ሲጻፍ 170141183460469231731687303715884105727 ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ አኀዝ። በየሰከንዱ አንድ አካፋይ ቢሞከር ከቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ሉካስ ማካፈሉን ትቶ ሌላ መንገድ ቀየሰ። መንገዱ ትንሹን 127ን ራሱን በመፈተን ይታያል፤ እርሱም ሰባት ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኝ ነውና። ከ3 ይነሡ፤ በራሱ አባዝተው 2 ይቀንሱ፤ 7 ይኾናል። ደግመው ቢሠሩ 47፣ ቀጥሎ 2207 ይመጣል። ይህ ከ127 ስለሚበልጥ ለ127 ተካፍሎ ቀሪው 48 ብቻ ይያዛል። ከ48 ደግሞ 16፣ ከ16 ደግሞ 254 ይገኛል፤ 254 ለ127 ያለ ቀሪ ይካፈላል። በአምስተኛው እርምጃ ዜሮ ስለተገኘ 127 ብቸኛ ነው። ለግዙፉ ቁጥር እርምጃዎቹ 125 ናቸው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ግን ባለ ብዙ አኀዝ ቁጥርን በራሱ በእጅ ማባዛት ነው። ሉካስ ስሌቱን በቼዝ ዓይነት ሰሌዳ ላይ ጠጠር በመደርደር ማካሄድ እንደሚቻልም አስረድቷል። በ1876 የ127ቱ ቁጥር ብቸኛ መኾኑን አስታወቀ።

በዚያው ዓመት የ67ቱ ቁጥር ብቸኛ አለመኾኑንም አሳየ፤ መርሰን ተሳስቶ ነበር። የሚገርመው፣ የሉካስ መንገድ አካፋይ መኖሩን እንጂ የትኛው እንደኾነ አይናገርም።

ሕዝብ ሉካስን የሚያውቀው በሌላ ሥራው ነው። በ1883 በብዕር ስም ያወጣው የሃኖይ ግንብ የተባለው ጨዋታ ቀለበቶችን ከእንጨት ወደ እንጨት የማሻገር ጨዋታ ሲኾን፣ ሦስት ቀለበት ቢያንስ 7፣ ሰባት ቀለበት ቢያንስ 127 እርምጃ ይጠይቃል። መጫወቻውም ያው የቁጥር ጉዳይ ነበር።

በ1891 በማርሴይ በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ግብዣ ላይ ሳህን ተሰብሮ ስባሪው ጉንጩን ቆረጠው። ቁስሉ አመርቅዞ ከቀናት በኋላ በ49 ዓመቱ አረፈ። የ67ቱን ቁጥር አካፋዮች አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል በ1903 አገኛቸው፤ 193707721 እና 761838257287 ናቸው። የ127ቱ ቁጥር ደግሞ እስከ 1951 ድረስ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ኾኖ ቆየ።