ያለ አባት ያደገው የወጣቶች አባት፦ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1815 በሰሜን ኢጣሊያ ቤኪ በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ፍራንቼስኮ በሳንባ ምች ሞተ። ከልጅነቱ ሁሉ ቀድሞ በአእምሮው የቀረው ትዝታ፣ አስከሬኑ ካለበት ክፍል ያለ አባቱ ለመውጣት እምቢ ማለቱና እናቱ ከእንግዲህ አባት እንደሌለው እያለቀሰች መንገሯ ነው።

እናቱ ማርገሪታ ዳግመኛ ሳታገባ ልጆቿን በጸሎትና በሥራ አሳደገች። ሆኖም የአባትነቱን ሥልጣን ከሌላ እናት የተወለደው ታላቅ ወንድሙ አንቶኒዮ ለመያዝ ፈለገ። አንቶኒዮም በሦስት ዓመቱ እናቱን፣ በዘጠኝ ዓመቱ አባቱን ያጣ ልጅ ነበር። የዮሐንስን ትምህርት አጥብቆ በመቃወሙ፣ ዮሐንስ በ1828 ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በሰው እርሻ ተቀጠረ።

ከዚያ በኋላ አረጋዊው ካህን አባ ካሎሶ እንደ ልጃቸው ተቀብለው ላቲን አስተማሩት። እርሳቸውም በ1830 ባረፉ ጊዜ ዮሐንስ ሁለተኛ አባት እንደ ሞተበት ሆኖ አዘነ።

በ1841 ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን በቶሪኖ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አንድ ወጣት ቅዳሴ ማገልገል ባለማወቁ ደብድቦ ሲያባርረው አየ። ወጣቱ በርተሎሜዎስ ጋሬሊ እናትና አባት የሌለው፣ ማንበብም የማይችል ነበር። ዮሐንስ መልሶ አስጠራውና እንደ ወዳጅ አነጋግሮ ትምህርተ ክርስቶስ ጀመረለት። ከዚህች ትንሽ ጅማሬ በቫልዶኮ የወጣቶች ቤት ተመሠረተ። እናቱ ማርገሪታም በ1846 ወደዚያ መጥታ እስክታርፍ ድረስ ዐሥር ዓመት የድኾች ልጆች እናት ሆነች።

ቅዱስ ዮሐንስ ጥር 31 ቀን 1888 ዐረፈ፤ በ1934 ቅድስናው ታወጀ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የወጣቶች አባትና መምህር ብለው ሰየሙት። ልጆቹ ሳሌዥያን በአገራችንም ወጣቶችን በማስተማር ያገለግላሉ።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፦ አንድ ሞት የሁለት ወንድማማቾችን ልብ እንደ ጐዳ አይተናል። ዮሐንስን ያሳደገው የእናቱ ጽናትና በጊዜው የደረሰለት የአንድ ካህን ፍቅር ነው። በየቁምስናችን አባት የሌላቸው ልጆች አሉ። ዝም ያለውንም ሆነ የሚያስቸግረውን ልጅ ከመገሠጻችን በፊት በስሙ እንጥራው፤ አጠገባችንም እናስቀምጠው።