ኦሳ ጆንሰንና የማርሳቢት ዝሆኖች

ከሞያሌ ተነስቶ በየብስ ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ ሰው ደረቁን ሜዳ አቋርጦ ሲደክመው አንድ አረንጓዴ ተራራ ይገጥመዋል። ማርሳቢት ነው። ዙሪያው በረሃ ሆኖ ሳለ አናቱ ግን ጉም የሚያለብሰው ደን ነው። በደኑ ውስጥ፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን ባለፈው እሳተ ገሞራ አፍ ላይ፣ የገነት ሐይቅ የሚባል ሐይቅ አለ። ከማኅበረሰባችን በዚያ መንገድ ያለፈው ብዙ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚያ ሐይቅ ዳር ጎጆ ሠርታ፣ ከባሏ ጋር የዱር ዝሆኖችን ከነግልገሎቻቸው ፎቶግራፍ ታነሳ የነበረች ሴት መኖሯን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዘንድሮው መጽሔት የእርሷን ሕይወት ለተማሪዎቻችን ማቅረብ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦሳ በ1894 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ ቻኑት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በ16 ዓመቷ፣ በ1910፣ ማርቲን ጆንሰን የሚባለውን ፎቶግራፍ አንሺ አገባች። ማርቲን ከደራሲው ጃክ ለንደን ጋር በመርከብ ወደ ደቡብ ባሕር ደሴቶች ተጉዞ የተመለሰ፣ እግሩ ከቤት የማይውል ሰው ነበር። ባልና ሚስቱ በመጀመሪያ ከከተማ ከተማ እየዞሩ እርሱ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች እያሳየ ሲተርክ እርሷ መድረክ ላይ ትዘፍን ነበር። ባጠራቀሙት ገንዘብ በ1917 ወደ ደቡብ ባሕር ደሴቶች፣ በ1920 ደግሞ ወደ ቦርኒዮ ሄዱ።

ወደ አፍሪካ እንዲመጡ የገፋፋቸው በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ካርል ኤክሊ ነው። የአፍሪካ አራዊት ሳይጠፉ በፊልም እንዲቀረጹ ይመኝ ነበር። ጆንሰኖች በ1921 ኬንያ ደረሱ። የዱር አራዊት ጥበቃ ኃላፊ የነበረው ብሌይኒ ፐርሲቫል ረዳቸው፤ ቦኩሊ የሚባል የዝሆን ዱካ አዋቂም መራቸው፤ እንዲህም ሆነው የማርሳቢትን ሐይቅ አዩ። በ1924 የሙዚየሙን ድጋፍ ይዘው፣ የኮዳክ ኩባንያ መሥራች ከነበረው ከጆርጅ ኢስትማንም ገንዘብ አግኝተው ተመለሱ። እስከ 1927 ድረስ ኑሯቸውን በዚያ አደረጉ። የሣር ክዳን ቤቶችና ፊልም ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ሠሩ፤ ኦሳም የአትክልት ቦታ አለማች። ዝሆኖቹ ሌሊት እየመጡ ከአትክልቷ ይበሉባት ነበር።

የዚያን ጊዜ ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደነበር የዛሬ ልጆች ቢያውቁት መልካም ነው። የፊልም ካሜራው ከባድ ነበር፤ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተተክሎ በእጅ ይዘወራል። ዘዋሪው እጁን ካቆመ ፊልሙም ይቆማል። ዝሆን ተቆጥቶ ሲመጣ ማርቲን መዘወሩን ትቶ ጠመንጃ ሊያነሳ አይችልም። ስለዚህ ኦሳ ጠመንጃዋን ደግና ከጎኑ ትቆማለች። ተኩስ ላይ እርሷ ከእርሱ ትበልጥ ነበር። ጓዙን፣ ምግቡንና የሰፈሩን ሥራም የምታስተዳድረው እርሷ ናት። በፊልሙ ላይ የእርሱ ዓይን ይታያል፤ ያ ዓይን ሳይፈራ እንዲያይ ያደረገችው ግን እርሷ ናት።

ዝሆን ዓይኑ ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን ብርቱ ነው። ነፋሱ ከሰው ወደ መንጋው ከነፈሰ ገና በሩቁ ኩምቢውን አንስቶ ያሸታል፤ የቀኑም ልፋት ከንቱ ይቀራል። ግልገሎችን ማንሳት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። እናት 22 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው ግልገል ሲወለድ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያም ሆኖ ከእናቱ ሆድ ሥር ሲገባ አይታይም። መንጋውን የምትመራው በዕድሜ የገፋች ሴት ዝሆን ናት። እርሷ አደጋ ከጠረጠረች ሴቶቹ ተጠጋግተው ግልገሎቹን መሐል ያስገቧቸዋል፤ ያን ጊዜ ካሜራው የሚያገኘው የእግር አጥር ብቻ ነው። ግልገሉ ሲጠባ፣ ሲቦርቅ፣ ኩምቢውን ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገብቶት ሲያወናጭፍ ለማንሳት እናቲቱ መስጋት የለባትም። ለዚህም ነፋሱን መለየት፣ የመንጋውን መንገድ ማወቅ፣ ከዚያም መጠበቅ ያስፈልጋል። ቦኩሊ ከዱካው መንጋው ወዴት እንደሄደ ያነብ ነበር። ያለ እርሱ ዓይነቱ ሰው እውቀት የአሜሪካኖቹ ካሜራ ባዶ ሣጥን ነው።

እውነቱን ግን ሸፍነን አናስተምርም። ጆንሰኖች ተመልካች እንዲደነግጥ ብለው እንስሳትን ያስቆጡበት ጊዜ ነበር፤ ለምግብም፣ ሕይወታቸውን ለማዳንም ይገድሉ ነበር። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በፊልሞቻቸው ውስጥ የአፍሪካን ሰው ለመሳቂያ ማቅረባቸው ነው። ጓዙን በጫንቃቸው ተሸክመው ተራራውን የወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ ለእኛ አልደረሰም። ለዝሆኑ የሰጡትን ትዕግሥት ለሰው መንፈጋቸው ሊወቀሱበት ይገባል። ተማሪም የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ሲያነብ ሙያቸውን ከጥፋታቸው ለይቶ መያዝ ይልመድ።

በ1933 ባልና ሚስቱ በውኃም በየብስም የሚያርፉ ሁለት አውሮፕላኖች ይዘው ወደ አፍሪካ ተመለሱ። አንዱ እንደ ሜዳ አህያ፣ ሌላው እንደ ቀጭኔ ተቀብቶ ነበር። ሜዳውን የሚያቋርጡ የዝሆን መንጋዎችን ከሰማይ ሆነው ቀረጹ። ጥር 1937 ግን በካሊፎርኒያ የተሳፈሩበት የመንገደኞች አውሮፕላን ተከሰከሰ። ማርቲን በማግሥቱ ሞተ፤ ኦሳ ክፉኛ ተጎዳች። 42 ዓመቷ ነበር። ሥራው ከባሏ ጋር ይቀበራል ብሎ ያሰበ ቢኖር ተሳስቷል። በዚያው ዓመት ፊልም ለሚሠራ ኩባንያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመለሰች። በ1940 የሕይወት ታሪኳን መጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉም በብዙ ቅጂ ተሸጠ። በጥር 1953 በኒው ዮርክ አረፈች፤ የተቀበረችውም በትውልድ ከተማዋ ነው። በቻኑት በስማቸው የተከፈተው ሙዚየም ዛሬ የሚገኘው በቀድሞ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ለባቡር ሠራተኛ ልጅ የሚገባ ቦታ ነው።

ማርሳቢት ከእርሷ በኋላም ዝሆኖቹን አላጣም። ከሁሉ የታወቀው አህመድ የሚባለው ባለ ረጅም ጥርስ ዝሆን ነው። በ1970 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ልዩ ትእዛዝ አውጥተው ጠባቂ አቆሙለት፤ በ1974 አዳኝ ሳይነካው ሞተ። ኬንያም በ1977 አደንን ከለከለች። የአህመድ ምስል በናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ቆሟል።

ልጆቻችን፣ ዛሬ እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ፤ መዘወርም ፊልም ማጠብም ቀርቷል። ያልቀረው መጠበቅ ነው። ወደ ጥብቅ ሥፍራ ስትሄዱ መኪናው ወደ ግልገሉ እንዲጠጋላችሁ ሹፌሩን አትወትውቱ። እናቲቱን ተመልከቱ፤ ጆሮዋን ዘርግታ ወደ እናንተ ከዞረች ቀርባችኋልና ወደ ኋላ በሉ። ከተማረረች እናት ሥር ግልገል ከማንሳት ያን ቀን ያለ ፎቶ መመለስ ይሻላል። መንገዱን ያሳያችሁንም ሰው ስሙን ጠይቁና ከፎቶው ጀርባ ጻፉት።